ያስወጣሁት የለም

ስመ ጥር ሰዎች ሲሞቱ ታሪካቸው በጋዜጣ ይወጣል፤ አደባባይ በስማቸው ይሰየማል፤ ሐውልትም ይቆምላቸዋል። ከእነርሱ እጅግ የሚበዙት ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሲደክሙ ኖረው ስማቸው ከሰፈራቸው ሳይወጣ የሚያልፉ ናቸው። አባቴ ከእነዚህ ወገን ነበሩ። ሐውልት የላቸውም፤ ዋንጫም አልተዉም። ለእኔ የተዉልኝ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በጆንያ መስፊያ ክር የተሰፋ አንድ ትልቅ መዝገብ ነው። በመዝገቡ ውስጥ በ22 ዓመት ጊዜ በእጃቸው ያለፉ የ407 ልጆች ስም ሰፍሯል። ስለ አባቴ ሕይወት የምጽፈው ከዚህ መዝገብና ከራሴ ትዝታ ቀድቼ ነው።

የተወለድሁባት ድሬዳዋ የምድር ባቡር ልጅ ናት። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ከዚያ ስፍራ በደረሰ ጊዜ ከተማዪቱ ተቆረቆረች፤ ሐዲዱም ጉዞውን ቀጥሎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ከተማዪቱን ለሁለት የሚከፍላት ደቻቱ የሚባለው ወንዝ ነው። በአንደኛው ዳር በዛፎቿ ጥላ የምትታወቀው ከዚራ፣ በሌላው ዳር ደግሞ በገበያዋና በጠባብ መንገዶቿ የምትታወቀው መጋላ ይገኛሉ። ደቻቱ ወንዝ ይባል እንጂ በዓመት ውስጥ ብዙውን ጊዜ ውኃ አይወርድበትም። ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ ሰፊ አሸዋ ነው። ለመንገደኛ አሸዋው መሻገሪያ ነበር፤ ለአባቴ ግን ሜዳ ነበር።

አባቴ በምድር ባቡር የጥገና ክፍል ይሠሩ ነበር። ከጧት ጀምሮ ብረት ሲቀጠቅጡና ሲሞርዱ ውለው በአሥር ሰዓት ከሥራ ይወጣሉ። ቤት ገብተው ይታጠባሉ፤ አንድ ስኒ ቡና ይጠጣሉ፤ ፊሽካቸውን በአንገታቸው ያንጠለጥሉና ኳሱን በብብታቸው ይዘው ወደ አሸዋው ይወርዳሉ። ይሁን እንጂ ከመውረዳቸው አስቀድሞ ሁልጊዜ የሚያደርጉት አንድ ነገር ነበር። ፊታቸውን ወደ ደቡብ አዙረው ተራሮቹን ለጥቂት ጊዜ ትኩር ብለው ይመለከታሉ። በተራሮቹ ላይ ደመና ከጠቆረ፣ በከተማዪቱ ላይ ፀሐይ እንደ እሳት ብታቃጥል እንኳ፣ በዚያ ቀን ጨዋታ የለም። የደቻቱ ጎርፍ በከተማው ዝናብ ሳይጥል ከደጋው ተነሥቶ በድንገት የሚደርስ ነውና። ልጆቹ ያጉረመርማሉ፤ አባቴ ግን «ኳስ ነገም አለ፤ እናንተን ግን ከእናቶቻችሁ የተዋስሁት ዛሬ ነው» ብለው ይመልሷቸዋል። ይህ ጥንቃቄ ከንቱ እንዳልነበረ ኋላ በ1998 ዓ.ም. ክረምት በሌሊት የደረሰው ጎርፍ አሳይቷል። በዚያ ጎርፍ ከ200 በላይ የሚሆን ሕዝብ አልቋል።

አባቴ ራሳቸው ስመ ጥር ተጫዋች አልነበሩም። በወጣትነታቸው ለመሥሪያ ቤት ጓደኞቻቸው ቡድን ተከላካይ ሆነው ተጫውተዋል፤ ጉልበታቸውን ከተጎዱ በኋላም አቁመዋል። አሠልጣኝ ለመሆን ያሰቡት በጥር ወር 1954 ዓ.ም. ነው። በዚያ ወር ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ተደረገ። ለፍጻሜው የቀረቡት ኢትዮጵያና ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችው ግብፅ ነበሩ። የኢትዮጵያ ቡድን ሁለት ጊዜ ተመራ፤ ሁለቱንም ጊዜ እኩል ወጣ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አግብተው ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። አባቴ ወሬውን በአንድ ሻይ ቤት በሬዲዮ በሰሙ ጊዜ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት የሚያወሱት ግቦቹን ብቻ አልነበረም። «አምበሉን ሉቺያኖ ቫሳሎንና ወንድሙን ኢታሎን አሥመራ ወለደቻቸው፤ አባታቸው ኢጣልያዊ ነበር። መንግሥቱ ወርቁ ከሌላ ምድር፣ ግርማ ተክሌ ከሌላ ሰፈር መጡ። አቶ ይድነቃቸው ግን አንድ ልብስ አለበሷቸው» ይሉ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ የዚያ ቡድን አሠልጣኝ ነበሩ። በ1914 ዓ.ም. ጅማ ተወልደው፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ለብዙ ዓመታት ተጫውተው፣ ኋላም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ሆነው ኖረዋል። አባቴ ከእርሳቸው ጋር ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። ነገር ግን ለሥራቸው መመሪያ ያደረጉት አንድ ታሪክ ያገኙት ከእርሳቸው ሕይወት ነው። ታሪኩም ይህ ነው።

በየካቲት ወር 1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት መሥራቾቹ አራት አገሮች ነበሩ፤ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ። አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው በካርቱም እንዲደረግ ተወሰነ። በዘር መድልዎ የሚመራው የደቡብ አፍሪካ መንግሥት ግን ነጮችና ጥቁሮች ተቀላቅለው የሚጫወቱበትን ቡድን ለመላክ ፈቃደኛ አልሆነም። ሌሎቹም በቀለም የተለየ ቡድን አንቀበልም አሉ። ስለዚህ ውድድሩ በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትጫወት ተመድባ ስለነበር ያለ ጨዋታ ለፍጻሜ ደረሰች፤ በግብፅም 4 ለ 0 ተሸነፈች። አባቴ ይህን ታሪክ ለልጆቹ ሲነግሩ የሽንፈቱን ቁጥር አይደብቁም ነበር። «አራት ግብ ገባብን፤ ያፈርንበት ግን አይደለም። በዚያ ዓመት የተገኘው ትልቁ ድል ከጨዋታው በፊት በጠረጴዛ ዙሪያ የተገኘው ነው» ይሉ ነበር።

በ1955 ዓ.ም. አባቴ ከሰፈራችን ሰባት ልጆች ሰብስበው ሥልጠና ጀመሩ። ወሬው ደቻቱን ተሻግሮ መጋላ ደረሰ፤ ከዚያም ወደ ገንደ ቆሬ አለፈ። በዓመቱ ልጆቹ ሠላሳ ሆኑ። ከእነዚያ ልጆች ከፊሎቹ በቤታቸው አማርኛ፣ ከፊሎቹ ኦሮምኛ፣ ከፊሎቹ ሶማልኛ፣ ሌሎቹም ሐረሪኛ ወይም ዐረብኛ ይናገራሉ። አባቴን አንዱ «ጋሼ»፣ አንዱ «ኦቦ»፣ ሌላው «አዴር» ይላቸዋል። እርሳቸውም ለሁሉም «አቤት» ይላሉ። ሜዳ ላይ ሁሉም እየተቀላቀለ አንድ ልዩ ቋንቋ ሆኖ ነበር። «አሳልፍ» የሚለው ቃል ከአንድ ልጅ አፍ በአማርኛ ሲወጣ ከሌላው በሶማልኛ ይወጣል፤ ኳሱ ግን መንገዱን አይስትም።

መዝገቡን እንድይዝ የተሰጠኝ በ1963 ዓ.ም. አሥር ዓመት ሲሞላኝ ነው። ይህም የሆነበት ምክንያት አለው። አንድ ቀን ማታ እናቴ ለአባቴ ራት እያቀረቡ፣ «የሰው ልጆች ሲያሠለጥኑ ይመሻል፤ የራስዎ ልጆች ደግሞ በመስኮት ሲያዩዎት ይመሻል» አሏቸው። አባቴ መልስ አልሰጡም። በማግሥቱ ግን ከሥራ ሲመለሱ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ጠርተው ወደ አሸዋው ይዘውን ወረዱ። ለእኔ መዝገቡንና የባቡር ሠራተኛ ሰዓታቸውን ሰጡኝ። ወንድሜ ከሌሎቹ ልጆች ጋር ተሰለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሑድ የቤተ ሰብ ቀን ሆነ። በእሑድ አባቴ ኳስ አይነኩም፤ እናቴን ገበያ ያደርሳሉ፤ የተሰበረ በር ይጠግናሉ፤ ከሰዓት በኋላም ከደጃችን ጥላ ሥር ተቀምጠው ደብተራችንን ያያሉ።

እናቴ ለዚያ ቡድን የዋሉት ውለታ በመዝገብ አልተጻፈምና እዚህ ላይ ልጻፈው። አባቴ የወር ደመወዛቸውን ሳይነኩ ለእናቴ ያስረክባሉ። ኳስ የሚገዛው ከትርፍ ሰዓት ሥራ በሚገኘው ገንዘብ ብቻ ነው፤ ይህ በሁለቱ መካከል የተደረገ ውል ነበር። ትርፍ ሰዓት በማይኖርበት ጊዜ እናቴ ያረጁ ካልሲዎችን በቁርጥራጭ ጨርቅ ሞልተው፣ በክር አጥብቀው ሰፍተው ኳስ ይሠራሉ። የቡድኑን ልብስ ከአቡጀዲ የሰፉት እርሳቸው ናቸው። ቁጥሮቹንም ከአባቴ አሮጌ የካኪ ልብስ ቀድደው ለጠፉባቸው። አንድ ጊዜ አባቴ አዲስ የቆዳ ኳስ ይዘው ሲገቡ እናቴ አገላብጠው አይተው፣ «ይህን ያህል ገንዘብ ከወጣበት ቢያንስ ወጥ አይነካውም» አሉ። አባቴም ኳሱን ለአንድ ሳምንት ከአልጋቸው ራስጌ አስቀምጠው አደሩ። ሁለቱም እየሣቁ ይህን ለዘመድ ሲያወሩት እሰማ ነበር።

መዝገቡ ሦስት ዓምድ ነበረው። በመጀመሪያው ዓምድ የልጁ ስም፣ በሁለተኛው የተገኘባቸው ቀኖች፣ በሦስተኛው የትምህርት ቤት ውጤቱ ይጻፋል። ሁለተኛው ዓምድ ስለ ጨዋታ ይወስናል። ሳምንቱን ሙሉ ለሥልጠና የተገኘ ልጅ፣ ጎበዝም ይሁን ሰነፍ፣ በሳምንቱ መጨረሻ በሚደረገው ግጥሚያ ቢያንስ አንዱን አጋማሽ ይጫወታል። ሦስተኛው ዓምድ ደግሞ ከሌሎች አሠልጣኞች ልማድ የተለየ ነበር። በዚያ ዘመን በትምህርቱ የወደቀ ልጅ ከቡድን ይባረር ነበር። አባቴ ግን የወደቀውን ልጅ ከሥልጠናው አንድ ሰዓት አስቀድሞ እንዲመጣ ያዙታል። ከወንዙ ዳር ካለ ዛፍ ሥር ትልልቆቹ ልጆች ትንንሾቹን ሒሳብና ንባብ ያስጠኗቸዋል። ሥነ ሥርዓት ያጎደለም አይባረርም፤ የቡድኑን ውኃ ተሸክሞ ይወርዳል፤ የግቡን ድንጋይ ይደረድራል፤ ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላም ኳሱን አጥቦ ያስረክባል። አባቴ፣ «ማባረር ቀላል ነው፤ ፊሽካ መንፋት ያህል ነው። የሚከብደው የተባረረውን ልጅ ነገ የት እንደሚውል ማወቅ ነው» ይሉ ነበር።

ይህ ደንብ ዋጋ አስከፍሎናል። በ1967 ዓ.ም. በተደረገ የሰፈሮች ውድድር ቡድናችን ለፍጻሜ ደረሰ። በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ ለአንድ ነበርን። በዕረፍት ጊዜ አባቴ መዝገቡን ተቀበሉኝና ጣታቸውን በሁለተኛው ዓምድ ላይ እያሳለፉ አነበቡ። ሳምንቱን ሙሉ መጥተው ገና ያልተጫወቱ አራት ልጆች ነበሩ። አራቱንም አስገቡ። ከወጡት መካከል ያችን አንድ ግብ ያገባው አጥቂያችን ነበረበት። ሦስት ለአንድ ተሸነፍን። ከተመልካቾች አንዳንዶቹ በአባቴ ላይ ጮኹ፤ የአንድ ልጅ አባትም ፊት ለፊት ቆመው፣ «ልጆቻችንን ዋንጫ የነጠቃቸው እርስዎ ነዎት» አሏቸው። አባቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው በጸጥታ ሰሟቸው። ከዚያም፣ «ጌታዬ፣ ሳምንቱን ሙሉ አሸዋ ሲልስ የከረመ ልጅ ዛሬ ከዳር ተቀምጦ ቢቀር ኖሮ፣ አሸንፈናል የምንለው ማንን ነው?» ብለው መለሱ። ሰውየው አልረኩም። እኔም በዚያ ቀን ሽንፈቱ አቃጥሎኝ ነበር። ከአራቱ ልጆች አንዱ ግን ማታ ከቤታችን ደጃፍ መጥቶ፣ ምንም ሳይናገር፣ የታጠበውን ኳስ ለእናቴ ሰጥቶ ሄደ። ኳሱን እንዲያጥብ ያዘዘው ሰው አልነበረም።

በየካቲትና በመጋቢት 1968 ዓ.ም. አሥረኛው የአፍሪካ ዋንጫ በኢትዮጵያ ሲደረግ አንዱ ምድብ በድሬዳዋ ተጫወተ። ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ያን ጊዜ ዛየር ትባል የነበረችው የዛሬዋ ዴሞክራቲክ ኮንጎ ወደ ከተማችን መጡ። ዛየር ያለፈውን ዋንጫ የወሰደች፣ በዚያው ዓመትም በዓለም ዋንጫ የተሳተፈች ኃያል ቡድን ስለነበረች ልጆቹ ሁሉ እርስዋን ለማየት ጓጉ። አባቴ ለበዓል ያጠራቀሙትን ገንዘብ በእናቴ ፈቃድ አውጥተው የቻሉትን ያህል ልጅ ወደ ስታዲየሙ ይዘው ገቡ። የቀሩትን በሚቀጥለው ግጥሚያ እንዲያስገቡ በመዝገቡ ተራ አስያዙኝ። ያ የተፈራው የዛየር ቡድን ከምድቡ ሳያልፍ ቀረ፤ ዋንጫውንም በመጨረሻ ሞሮኮ ወሰደች። ልጆቹ በነገሩ ተደነቁ። አባቴም፣ «ሻምፒዮን ማለት ትናንት ያሸነፈ ማለት ነው። ዛሬ ሁሉም እኩል ይጀምራል። እናንተም በትናንት ስማችሁ አትመኩ፤ በትናንት ስማችሁም አትፈሩ» አሏቸው።

ከሁሉ የከበደው ፈተና የመጣው በሚቀጥለው ዓመት ነው። በ1969 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል የተነሣው ጦርነት በክረምቱ ወደ ከተማችን ደረሰ። የባቡሩ መንገድ ተቋረጠ፤ በነሐሴ ወርም ድሬዳዋ ራስዋ የጦር ሜዳ ሆነች። ከተማዪቱ ብትተርፍም በሰዎች መካከል ጥርጣሬ ገባ። ጎረቤት ጎረቤቱን በቋንቋው መመዘን ጀመረ። በጥቅምት ወር 1970 ዓ.ም. ሥልጠናው እንደገና ሲጀመር ከሠላሳ ሁለት ልጆች የተገኙት አሥራ አንድ ብቻ ነበሩ።

በዚያ ጊዜ በረኛችን በቤቱ ሶማልኛ የሚናገር፣ በመጋላ የሚኖር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነበር። አባቱ ሞተዋል፤ እናቱ ወተት በመሸጥ ያሳድጉታል። ጣቶቹ ረጃጅም ስለሆኑ ከአሸዋው ላይ ኳስ ሲያነሣ አበባ የሚቀጥፍ ይመስል ነበር። ሥልጠናው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ልጆች ወደ እኔ ቀርበው፣ «የእርሱን ስም ከመዝገቡ ሰርዢው፤ የእነርሱ ወገን ነው» አሉኝ። እኔ እስክሪብቶውን አላነሣሁም። የተባልሁትን ለአባቴ ነገርኋቸው።

አባቴ መዝገቡን ወስደው እንደ ወትሮው ስም ይጠሩ ጀመር። የበረኛውን ስም በጠሩ ጊዜ መልስ የሚሰጥ ጠፋ። ከኋላ አንድ ድምፅ፣ «እንኳን ቀረ» አለ። አባቴ መዝገቡን ዘጉ። ይቆጣሉ ብለን ነበር፤ አልተቆጡም። «በካርቱም ስንት አገር ቀረ?» ብለው ጠየቁ። ልጆቹ ታሪኩን ያውቁት ነበርና «ሦስት» አሉ። «አራተኛይቱ ለምን ቀረች?» ዝምታ ሆነ። በመጨረሻ ወንድሜ፣ «ተጫዋቾችዋን በዘር ስለ ለየች» አለ። አባቴም ቀጥለው እንዲህ አሉ፤ «አሁን በአፋችሁ ያላችሁት ያንኑ ነው። ከዚህ ልጅ ጋር አምስት ዓመት አንድ እንስራ ውኃ ጠጥታችኋል። ጠላት ማለት መሣሪያ ይዞ የመጣ ነው፤ የወተት ነጋዴዋ ልጅ የያዘው የእናንተን ግብ ነው። የእርሱ ስም የሚሰረዝ ከሆነ ከላይ ያለው የእኔም ስም ይሰረዝ።»

ከዚያም ፊሽካቸውን ኪሳቸው ውስጥ ከተው ወደ መጋላ አቅጣጫ መራመድ ጀመሩ። ማንንም ተከተሉኝ አላሉም። ወንድሜና እኔ ተከተልናቸው፤ ቀጥሎ ሌሎቹ አንድ በአንድ ተከተሉ። ከልጁ ቤት ስንደርስ እናቱ በሩን ገርበብ አድርገው በፍርሃት አዩን። አባቴ ከደጃፉ ራቅ ብለው ቆሙና፣ «እመቤት፣ ልጅዎን በተራራው ላይ ደመና ሲያዩ ከሜዳ የሚያስቀር ሰው ነኝ፤ ያውቁኛል። ዛሬም ደመና ካየሁ ራሴ ይዤው እመጣለሁ» አሏቸው። ሴትዮዋ ብዙ አሰቡ። በመጨረሻም ልጁ በእናቱ ክንድ ሥር አልፎ ወጣ። ሥልጠናው ሲያበቃ አባቴ ልጁን እስከ ቤቱ ሸኙት። ይህንንም ለአራት ወር ያህል በየሥልጠናው ቀን አደረጉ። «የእነርሱ ወገን ነው» ካሉት ሁለት ልጆች አንዱ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከሸኚዎቹ ጋር መሄድ ጀመረ።

በየካቲት ወር ግን የልጁ እናት ዘመዶቻቸው ወዳሉበት ወደ ጅቡቲ ለመሄድ ወሰኑ። አንድ ቀን ጧት ቤታቸው ተዘግቶ ተገኘ። አባቴ እስከዚያ ዓመት መጨረሻ ድረስ የልጁን ስም በየሥልጠናው ይጠሩ ነበር። ልጆቹም «ሄዷል» ብለው በአንድነት ይመልሳሉ። ዓመቱ ሲያልቅ አባቴ በስሙ አንጻር በራሳቸው እጅ፣ «ሄዷል፤ አልተሰረዘም» ብለው ጻፉ። ሌላ በረኛ ተገኘ፤ ጎበዝም ነበር። የመጀመሪያውን በረኛ ግን ከዚያ ወዲህ አይተነው፣ ወሬውንም ሰምተን አናውቅም።

አባቴ ጉልበታቸው እስኪደክም፣ እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ አሠለጠኑ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በነሐሴ 1979 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ማረፋቸው በሬዲዮ ሲነገር አባቴ ራት አልበሉም። የአፍሪካ እግር ኳስ ለዘር መድልዎ በሩን እንደ ዘጋ ነበር፤ ደቡብ አፍሪካም ወደ ኮንፌዴሬሽኑ የተመለሰችው ያ ሥርዓት መፍረስ ከጀመረ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው። አባቴ ይህን ለማየት ታደሉ። በ1988 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁር በተቀላቀለበት ቡድን የአፍሪካን ዋንጫ በአገርዋ ስታነሣ በልጃቸው ቤት በቴሌቪዥን አዩ። «ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤ ግን አራተኛዋ መጣች» አሉ።

በዚያው ዓመት አንድ የቀድሞ የሥራ ጓደኛቸው ሊጠይቋቸው መጥተው ቡና እየጠጡ ያወጉ ነበር። እንግዳው የልብ ወዳጅ ናቸውና በቀልድ አስመስለው፣ «ለመሆኑ ያን ሁሉ ዘመን አሸዋ ላይ ስትሮጥ ኖረህ ለብሔራዊ ቡድን ስንት ተጫዋች አወጣህ?» ብለው ጠየቋቸው። ጥያቄው እውነተኛ ነበር። ከ407ቱ ልጆች ለብሔራዊ ቡድን የተመረጠ አንድም አልነበረም። መካኒክ፣ አስተማሪ፣ ነርስ፣ ነጋዴ፣ ሾፌር የሆኑ አሉ፤ በልጅነታቸው የሞቱ፣ ወጥተው የቀሩም አሉ። አባቴ ስኒያቸውን አስቀምጠው ጥቂት አሰቡ። ከዚያም፣ «ያወጣሁት የለም፤ ያስወጣሁትም የለም» አሉ። እንግዳው ሣቁ። አባቴ ግን አልሣቁም፤ ሒሳብ አስልቶ የጨረሰ ሰው ይመስሉ ነበር።

አባቴ በ1991 ዓ.ም. በሰባ ሁለት ዓመታቸው አረፉ። ለቅሶ ከደረሱት መካከል ብዙዎቹን የማውቃቸው በፊታቸው ሳይሆን በመዝገቡ ውስጥ ባላቸው ስም ነበር። በ1967ቱ ፍጻሜ ከሜዳ የወጣው አጥቂ ጸጉሩ ሸብቶ መጣ። በእርሱ ምትክ ከገቡት አንዱም መጣ። ሁለቱ አስከሬኑን በአንድ ወገን ተሸከሙ። በዚያ ጨዋታ ማን ገባ፣ ማን ወጣ ብሎ የሚያነሣ አልነበረም።

ተማሪዎች ሆይ፤ በዘመናችን የአሠልጣኝ ችሎታ የሚለካው በዋንጫ ብዛት ነው። ዋንጫ ማግኘት መልካም ነው፤ አባቴም በ1954ቱ ዋንጫ እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ተደስተዋል። ነገር ግን አሸናፊ የሚሆነው ሁልጊዜ አንድ ቡድን ብቻ ነው፤ በየሜዳው ዳር የሚቀመጠው ልጅ ግን ብዙ ነው። ያን ልጅ ማን ይጠራዋል? ስሙንስ ማን ይጽፈዋል? ሰዎች በክፉ ጊዜ ስሙን ሰርዙ ሲሉ እስክሪብቶውን የማያነሣ ማን ነው? እነዚህ ጥያቄዎች የእግር ኳስ ብቻ አይደሉም። የክፍል አለቃ፣ አስተማሪ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ፣ የቤተ ሰብ አባት የሚሆን ሁሉ አንድ ቀን ይጠየቃቸዋል።

መዝገቡ ዛሬ በእኔ እጅ ነው። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ በአንዳንድ ገጽ ላይ የደቻቱ አሸዋ እስከ አሁን በስፌቱ መካከል ይገኛል። ገጾቹን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብዙ ጊዜ አገላብጫለሁ። በቀለም የተጨማለቀ፣ በውኃ የደበዘዘ፣ በስሕተት ሁለት ጊዜ የተጻፈ ስም አለ። የተሰረዘ ስም ግን የለም።